የስለት በቆሎ

ሰው ስለ በቆሎ ሲያወራ ያናድደኛል። የዘራውም ያልዘራውም ያወራል። እኔ ደብሪቱ ግን በበቆሎ ምክንያት በዕድሜዬ ያልሠራሁትን ሠርቻለሁና የማወራው የማውቀውን ነው።

ጃንሆይ በነበሩበት ጊዜ ነው፣ ስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት። ባለቤቴ ታከለ ከሞተ ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ከሸዋ ሮቢት ወደ ታች፣ ወንዙ ሳይደርሱ፣ ደጃፌ ላይ ሩብ ጥማድ የምትሆን መሬት፣ ራቅ ብላ ደግሞ አንዲት ጥማድ፣ ሁለት ሴት ልጆችና አንድ በሬ ትቶልኝ ሄደ። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ደግነቱ ጎረቤቴ አብዱረሂምም አንድ በሬ ነበረው። በታከለ ጊዜ ሁለቱን በሬ አቀናጅተው ያርሱ ስለነበር፣ ታከለ ሲሞት አብዱረሂም መጣና "እትዬ፣ መቀናጆው አይፈርስም" አለኝ። ከዚያ ወዲያ የሱንም የኔንም መሬት እሱ ያርሳል፣ እኔ የሁለታችንንም አርማለሁ፣ ወፍ እጠብቃለሁ። ያን ሰው ያሳደገች እናት የተባረከች ናት እያልኩ ነበር የምኖረው።

ችግሬ ዘሩ ነበር። ያው የደከመ የበቆሎ ዘር ከዓመት ዓመት ይገላበጣል፤ አገዳው ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ራሱ ግን አውራ ጣቴን ያህላል። ሐምሌ ሲገባ የጎተራዬ ወለል ይታያል። ሁለት ዓመት ተከታትሎ ነሐሴ ላይ ልጆቼን ደጋ እህቴ ዘንድ ሰደድኳቸው፣ እዚያ እንዲበሉ። በሁለተኛው ዓመት ልመልሳቸው ስሄድ እህቴ፣ "ሦስተኛ ከመጡ ታላቂቱን እድራታለሁ፣ ታናሺቱም ለኔ ትቅር፣ አንቺ አትችያቸውም" አለችኝ። ታላቂቱ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። እህቴ ክፉ ሆና አይደለም፣ እውነቷን ነው፤ እኔን ያቃጠለኝም እውነትነቱ ነው።

በዚያው በሁለተኛው ዓመት፣ ልጆቹን ወደ ደጋ ከመስደዴ በፊት፣ ግርማ የሚባል የእርሻ ሠራተኛ በየቀበሌው ይዞር ነበር። በቁምጣ የሚሄድ፣ ጉልበቱን የቆላ ፀሐይ ያከሰለው ልጅ ነው። ሰው ሁሉ ሲያሾፍበት እኔ ውሃ ሰጠሁት፣ እሱም ተቀመጠና ማሳዬን ጠየቀኝ። በሰኔ መጨረሻ አንድ የጨርቅ ከረጢት ይዞልኝ መጣ። ሦስት ጣሳ የምትሞላ የበቆሎ ዘር ናት።

"እትዬ ደብሪቱ፣ ይሄ በየዓመቱ ከሰው እጅ የሚጠበቅ ዘር አይደለም" አለኝ። "ከራስዎ ማሳ መሀል ጥሩ ጥሩውን እየመረጡ ዕድሜዎን ሙሉ ይዘሩታል። ግን ዘንድሮ ከሌላ በቆሎ መራቅ አለበት፤ ወንዱ አበባ አናቱ ላይ ነው፣ ብናኙን ነፋስ ከጎረቤት ካመጣው ተደባልቆ ያው የድሮው ይሆናል። እሸቱንም እንዳይነኩት። ዳር ዳሩን አራት አራት መስመር ለዘር አይያዙት፣ መሀሉን ብቻ። እኔ ወደ ከፋ ተዛውሬያለሁ፣ ደግሜ አላመጣልዎትም።"

ሌላም አለኝ። የፍየል በጠጥ ያልብሱት፣ በመስመር ይዝሩት፣ በመሀሉ አደንጓሬ ጣል ጣል ያድርጉበት፣ ያምናውን አገዳ አያቃጥሉት፣ መሬቱ ላይ ይነጠፍና እርጥበት ይያዝ አለኝ። አገዳውን ካነጠፍኩ በምን ላነድ ነው ብዬ ተጨቃጨቅሁት። ቢሆንም ሁሉንም አደረግሁ። ሰው ሲቸገር ታዛዥ ይሆናል።

የቀረው የጎረቤቱ ነገር ነበር። የአብዱረሂም ማሳ ከደጃፌ ማሳ በአንዲት ቦይ ብቻ ነው የሚለየው። በሬውን ስለምንጋራ እሱም እንደኔ ዘግይቶ ገና በቆሎውን ሊዘራ ነው። ሄጄ ነገርኩት፤ እንዴት እንደምለምነው ሳስብ ያደርኩትን ንግግር ግማሹን እንኳ አልጨረስኩም።

"እንግዲያው ማሾ እዘራለሁ" አለ።

"በቆሎ ነው እኮ ቤታችሁ የሚወደው።"

"አንድ ዓመት ነው እትዬ። ለመቀናጆ ያልሆነ ለማን ይሆናል?"

ማሾውን ዘራ። በዚያ ዓመት በቤቱ አንዲት የበቆሎ አገዳ አልቆመችም።

የኔው በቀለ። ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ በመስከረም አጋማሽ ማሳዬ ውስጥ የገባ ሰው አይታይም ነበር። ራሱ ክንዴን ያህላል፣ ፀጉሩ እንደ ሙሽራ ይወርዳል፣ ከሥሩ አደንጓሬው መሬቱን አልብሶታል። ቀኑን ሙሉ ማማ ላይ ተቀምጬ ወፍና ዝንጀሮ እጠብቃለሁ፣ ደስታዬ ግን ለራሴም ያስፈራኝ ነበር። የሌላው ሰው በቆሎ በግንቦት የተዘራ ስለሆነ በዚያ ሰሞን ደርቆ አልቋል። በአካባቢው እሸት ያለው እኔ ደጃፍ ብቻ ነው፣ ደጃፌ ደግሞ መንገድ ዳር ነው።

በኛ አገር እሸት ባለቤት የለውም። መንገደኛ ርቦት ማሳ ገብቶ ሁለት ራስ ሰብሮ ቢበላ ሌባ አይባልም፤ ሌባ የሚባለው ተሸክሞ ከወጣ ነው። ጎረቤትማ ሲጠይቅ አይከለከልም። አንድ ጊዜ ለአንዱ ካስቀመሱ ማሳው ተከፈተ ማለት ነው፣ የቀረው ሁሉ ይመጣል፤ ለእገሌ ሰጥተሽ ለኔ ስትነፍጊ ይባላል። እሸት የነፈገች ሴት ደግሞ ስትሞት እንኳ ስሟ አይነጻም።

መጀመሪያ የመጣው ወርቁ ነው፣ የታከለ ወንድም። አፉ የማያርፍ ሰው ነው።

"እሸቱ ደርሷል ደብሪቱ፤ መቼ ነው የምታስቀምሽን?"

"ለዘር ነው የያዝኩት።"

"ዘርስ ቢሆን፣ አንድ ራስ ብትጎድል ምን ትሆኛለሽ?"

አንድ ራስ ለሱ፣ አንድ ለሚስቱ፣ አንድ ለአማቱ፣ ከዚያ ለማኅበርተኛው። ሩብ ጥማድ እኮ ናት። ልጆቼን እህቴ በር ላይ ቆመው አየኋቸው። ከዚያ አፌ ከኔ ቀድሞ ተናገረ።

"የስለት ነው።"

"የማን ስለት?"

"የሚካኤል። ደርቆ እስኪሰበሰብ አልነካም ብያለሁ።"

ወርቁ ባርኔጣውን አወለቀ። በሕይወቱ ባርኔጣ ሲያወልቅልኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። "ሳላውቅ ነው፣ ይቅር በይኝ" ብሎ ሄደ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በማግስቱ ቀበሌው ሁሉ ሰማ። የንስሐ አባቴ ቄስ ወልደማርያም በመንገድ አግኝተው መስቀል አሳለሙኝና ምን አስበሽ ነው የተሳልሽው ልጄ አሉኝ፤ የልጆቼን ጤና አልኳቸው። በአንዱ ላይ ሌላ መጨመር እንዲህ ቀላል ነው። ከዚያ ወዲያ ማሳዬን የሚነካ ጠፋ። ከብት ነጂው ከብቱን አርቆ ይነዳል፣ ሴቶቹ በአጥሩ ሲያልፉ ያማትባሉ። አጥር ሠርቼ፣ እሾህ ጎትቼ፣ ጮኬ ያላገኘሁትን ጥበቃ በአንዲት ቃል አገኘሁ። እውነቱን ልናገር፣ በጥበቤ ኮራሁ።

አብዱረሂምም ሰማ። "ስለትም ገብተውበት ኖሯል? ደግ አደረጉ፣ ስለት አደራ ነው" አለኝ። ለሱ እንኳ እውነቱን ልነግረው እችል ነበር። ዘሩን ያውቃል፣ ግርማን ያውቃል፣ ማሾውን የዘራው በኔ ምክንያት ነው። ግን ሚስጥር ከሁለት ሰው ካለፈ ሚስጥር አይደለም ብዬ ዝም አልኩ። ይሄኛው ነው የሚቆጨኝ።

መስከረም አልቆ ጥቅምት ገባ። አንድ ሐሙስ ጠዋት እማማ ከዲጃ፣ የአብዱረሂም እናት፣ በቦዩ ማዶ ቆመው ጠሩኝ። እማማ ከዲጃ ማለት በወሰን ጠብ፣ በውርስ ጠብ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ምስክር አድርጎ የሚጠራቸው ሴት ናቸው። እሳቸው "አይቻለሁ" ካሉ ዳኛው ሌላ አይጠይቅም።

"ደብሪቱ፣ ዛሬ በሬዎቹን አንቺ አጠጫቸው። አብዱረሂም ማጀቴ ከተማ ሄዷል።"

"ምን ሊያመጣ? ገበያው እኮ ዛሬ አይደለም።"

 መዋሸት አይችሉም።

"የበቆሎ እሸት ሊፈልግ ነው። መሊካን አምሯታል። አምስት ቀን ሆነ እህል በአፏ ከዞረ።"

መሊካ የአብዱረሂም ሚስት ናት። ገና አራተኛ ወሯ፣ የመጀመሪያዋ ነው። ያማራትን ያጣች ነፍሰ ጡር ፅንሷ ላይ ይወጣል ይባላል፤ ያንን የማይፈራ ሰው በኛ አገር የለም፣ እኔም እፈራለሁ። 

"ታዲያ ከኔ ማሳ ለምን—"

"የስለት ነገር አይነካም" አሉኝ ቶሎ ብለው። "እንዲያውም ለእትዬ እንዳትነግሩብኝ፣ ይጨነቃሉ ብላኝ ነበር። አላህ ያውቃል፣ አብዱረሂም ያገኛል።"

ሄዱ። እኔ ቦዩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። የኔን ዘር ብለው በቆሎ ሳይዘሩ ቀሩ፣ በዚያ ሳቢያ ሚስቱ በቆሎ አጣች፣ እሱ አንድ ቀን መንገድ ይሄዳል፣ እሷ ደግሞ እኔ እንዳልጨነቅ ትደብቃለች። ከደጃፋቸው ሆነው የኔ እሸት ሲወዛወዝ ያዩታል። እንዲያም ሆኖ ያን ቀን አልሰጠኋትም። ወላዋይ ልብ አለኝ። አብዱረሂም ሊያገኝ ይችላል አልኩ፣ በሬዎቹን አጠጣሁ፣ ማማዬ ላይ ወጣሁ።

አብዱረሂም ቅዳሜ ተመለሰ። ያመጣው በቆሎ ጥርስ የሚሰብር ነው። መሊካ አንዴ ነክሳ ተፋችው አሉ። ሲነግሩኝ ቀትር ላይ ነበር። ከማማው ወረድኩ፣ ከማሳው ዳር ሦስት ራስ ሰበርኩ፣ በነጠላዬ ሸሸግሁ። ስሰብረው ጠው ጠው የሚለው ድምፅ ቀበሌው ሁሉ የሚሰማው መሰለኝ።

መሊካ መደቡ ላይ ተጋድማለች። ፊቷ አመድ ሆኗል። እማማ ከዲጃ እሳቱ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ አብዱረሂም ፍየሎቹን ይዞ ወጥቷል። በቆሎውን ከነጠላዬ አውጥቼ አስቀመጥኩላት። ዓይኗ ሄዶ እዚያው ቀረ፣ ምራቋን ስትውጥ ጉሮሮዋ ሲወርድ አየሁት። እጇን ግን አልዘረጋችም።

"አልበላም እትዬ" አለችኝ። "የስለት ነው። በልጄ ላይ ይመጣል።"

"ብይ ልጄ፣ ግድ የለም።"

"ለአንቱ ግድ የለም ይሆናል። እኔ እፈራለሁ።"

የያዝኩት ሁሉ ተመልሶ እኔው እጅ ላይ ወደቀ። ውሸቴ በቆሎውን ከሰው አፍ እንዲጠብቅልኝ ነበር የፈለግሁት፤ ጠበቀልኝ፣ ከዚችም አፍ ጠበቀው። ተቀመጥኩ።

"ስለት የለም" አልኩ። "ዋሽቼ ነው። ዘሩን እንዳይበሉብኝ ብዬ ነው። ለሚካኤልም ምንም አልተሳልኩም።"

መሊካ ወደ አማቷ አየች። እማማ ከዲጃ እሳቱን ነው የሚያዩት።

"እኛንም ዋሸሽን?" አሉ።

"እናንተንም።"

"አብዱረሂም በቆሎውን የተወው ላንቺ ነው።"

"አውቃለሁ።"

 ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ስድብ ቢሆን እኔም አላንስም። ሦስቱን ራስ አነሱ፣ ቅርፊቱን ላጡ፣ ፀጉሩን አራገፉ፣ ፍሙን በእንጨት ከፈት አድርገው ጣሏቸው። እያገላበጡ ጠበሱ። ሲበስል አንዱን አመዱን እፍ ብለው ለመሊካ ሰጧት። "ቢስሚላህ በይ፣ ብይ" አሏት። በላች። ስትበላ ዕንባዋ ይወርድ ነበር፣ ግን ማኘኳን አላቋረጠችም።

የተጠበሰ እሸት ሽታው ቤት ውስጥ አይታሰርም። ብዙም ሳይቆይ ከደጅ ድምፅ ሰማሁ።

"እንደምን ዋላችሁ። የምን እሸት ነው የሸተተኝ?"

ወርቁ ነው። በዚህ አገር ሽታ ሳይጠራው የሚመጣ እሱ ነው። እኔ በድንጋጤ ጓዳ ገባሁና ከጎታው ኋላ ቆምኩ። እማማ ከዲጃ ተነስተው ወደ በሩ ሄዱ። በሸምበቆው ግድግዳ ቀዳዳ ጀርባቸውን አየዋለሁ። አሁን እውነቱን ይናገራሉ አልኩ። ቢናገሩም እውነት አላቸው፤ እኔ ልናገራቸው የምችል ሰው አልነበርኩም። ወርቁ ከሰማ ፀሐይ ሳትጠልቅ ማሳዬ ሰው ይሞላበታል፣ በሚካኤል ስም የዋሸችው ተብዬ መዘፈኛ እሆናለሁ፣ ከዘሩ አንዲት ፍሬ አትተርፍም፣ ልጆቼም በነሐሴ ደጋ ናቸው። 

"አብዱረሂም ከማጀቴ ያመጣው ነው" አሉት።

"እንዲህ ያለ ለጋ? በዚህ ወር?"

"ከማጀቴ ነው አልኩህ እኮ።"

"እማማ ከዲጃ ካሉማ አለቀ" አለ ወርቁ፤ ደኅና ዋሉ ብሎ ሄደ። አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠራጠረም። ሌላ ሰው ቢሆን ገብቶ ምድጃውን ያይ ነበር።

እማማ ከዲጃ ተመልሰው ገቡ። "ውሃ ስጭኝ" አሉኝ። በቅል ቀድቼ ሰጠኋቸው። የሚጠጡ መስሎኝ ነበር። ደጅ ወጥተው ተጉመጠመጡ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። "አስተግፊሩላህ" ሲሉ ሰማሁ። ስድሳ ዓመት ሙሉ ንጹሕ የነበረ አፍ ነው። እግራቸው ላይ ወድቄ አለቀስኩ። ታከለ ሲሞት እንዲያ አላለቀስኩም፤ ያኔ የተጎዳሁት እኔ ነበርኩ፣ አሁን ግን በኔ ምክንያት ሌላ ሰው ተጎዳ።

እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ፣ ግን ፊቴን አላዩኝም።

"ዘሩ እስኪደርቅ ስንት ቀን ይቀረዋል?" አሉኝ።

"አንድ ወር።"

"እንግዲያው ወር ሙሉ መዋሸታችን ነው። በይ ተነሺ፣ ወፉ በቆሎሽን እየበላው ነው።"

እውነትም ወሩን ሙሉ ዋሹ። እኔ በየሦስት ቀኑ ከዳር መስመር ሁለት ሁለት ራስ አደርስላት ነበር፣ መሊካም ፊቷ ተመለሰ። የጠየቀ ሰው ቢኖር ከማጀቴ ነው ይሉታል፤ በጠየቀ ቁጥር ይጉመጠመጣሉ። አብዱረሂምም ነገሩን ሰማ፤ ሁለት ቀን አላናገረኝም፣ በሦስተኛው ቀን መጥቶ ዝንጀሮ የጣሰውን አጥር ጠገነልኝ። 

በኅዳር መጀመሪያ አጨድን። የመሀሉን ከዳሩ ለይተን፣ ራስ ራሱን አይተን፣ ጥቅጥቅ ያለውንና ጤነኛውን ለዘር መረጥን። ልጆቼ አደንጓሬውን ሲለቅሙ ዋሉ፤ እህቴ በሰው እጅ ስንቅ ልካ ነበር፣ ያመጡት ሰዎች መልሰው ይውሰዱት ብዬ በቆሎ ጨምሬ ላክሁላት። የዘሩ ብቻ ለጥማዱም፣ ለደጃፉም፣ ለአብዱረሂም ማሳም ተርፎ ይበቃ ነበር። ጎተራዬን ዞሬ ዞሬ አየሁት።

የመጀመሪያዋን ቁና አፍ እስካፏ ሞልቼ ቦዩን ተሻግሬ ለእማማ ከዲጃ ወሰድኩ። መሊካ ሆዷ ገፍቶ ከደጅ ተቀምጣለች። እማማ ከዲጃ እጃቸውን ቁናው ውስጥ ከትተው ፍሬውን አገላበጡት፤ ትልልቁን እያነሱ በጥፍራቸው ሞከሩት።

"ይሄ የማን ነው?" አሉኝ።

"የአንቱ ነው። መጀመሪያ የአንቱ ነው።"

"ለሚካኤልስ?"

 ስለት እንደሌለ ያውቃሉ።

"ለሱም አንድ ቁና ስፈሪና ዛሬውኑ ውሰጂ" አሉኝ። "በስሙ ዋሽተናል።"

ሰፈርኩና ወሰድኩ።